የጸሎት ርዕስ ሆንኩ

እሑድ

ወዳጄ ተስፉ ጉድ ሠራኝ። ከቁስቋም ሰፈር ስንወርድ ለእሱ ብቻ የነገርኩትን ዛሬ በቤት ኅብረታችን “የጸሎት ርዕስ” አድርጎ አቀረበው። “ወንድማችን ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ መጠጥ ተመልሷል” አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አንድ ቀን ነው፣ ሁለት መለኪያ አረቄ። ተመልሷል ይለኛል! ሁሉም “ኦ ጌታ ሆይ!” አሉ። የእህቴ ልጅ ማርታም ነበረች። እሷ ግን ሳንሰነባበት ወጣች።

ሰኞ

ማርታ ስልክ አታነሳም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ለጋብቻ ሽማግሌ ይላክላታል፤ በአባቷ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አሁንስ?

ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ የማሾፍባቸው ሾፌሮች ሁሉ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው “በርታ” አሉኝ። አንድ እንኳ የሚሰድበኝ ጠፋ። ይህን ያህል ወድቄያለሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ለተስፉ ያሰብኩለት፦
ሽበቱን ቀለም እንደሚቀባ ለኅብረቱ መንገር፣ በጸሎት ርዕስነት።
ስሰብክ ሲያንኮራፋ የቀረጽኩትን ማሰማት።
ሦስተኛው አይጻፍም።

መልእክት ላከ፦ “በፍቅር ነው ያደረግኩት።” አልመለስኩለትም።

ረቡዕ

ማርታ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረች።

“አረቄው አይደለም ጋሼ። ለእሱ ነግረው ከእኔ መደበቅዎ ነው ያቃጠለኝ። ‘ከእኔ ምንም አትደብቂ’ እያሉ አሳድገውኝ!”

ቀልድ ፈለግኩ፤ የለም። እኔም ከድቻታለሁ ለካ። “ይቅር በይኝ” አልኩ።

“ብያለሁ። ቅዳሜ ግን ያንን የነተበ ኮት እንዳይለብሱ።”

በቃ። “ከእንግዲህ ወዲያ” ብላ አላስማለችኝም፣ “እስቲ እናያለን” አላለችም። ለስንቱ ሰው “ጸጋ በነጻ ነው” ብዬ አስተምሬያለሁ። ለእኔ ሲሰጠኝ ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ።

ዓርብ

ተስፉ በሩ ላይ ቆሟል፣ በዝናብ በስብሶ።

“ሳልጠይቅህ ማውራት አልነበረብኝም” አለ።

ማርታ ሳታንገራግር ያለችኝን “ብያለሁ” የሚል ቃል አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት። “ግባ፣ ትታመማለህ” አልኩት።

ፎጣ ሰጠሁት። ተቀመጥን። “እንጸልይ?” አለ።

“በሆድህ” አልኩት።

ጨፈነ። እኔ ዓይኔን ገልጬ አየው ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ገና ይቅር አላልኩትም። አልልም የምልበት ምክንያት ግን ከረቡዕ ወዲህ ጠፍቶብኛል።