ባሏ ዓረብ አገር ነው ተብሎ ስለተዘጋው የሐረግ ካርድ

ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አድማሴ ጋሹ
የሾላ ገደል ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም አፊያ እንድትሆኑ እመኛለሁ፤ ሆድዎን፣ ወገብዎን፣ ከእምብርትዎ በታች ያለውንም ሁሉ አምላክ ራሱ ይጠብቅልዎ፤ እሱ ካልጠበቀው በሚመሩት ጤና ጣቢያ የሚጠብቀው እንደሌለ እኔ ምስክር ነኝና። እኔ በዚሁ ቀበሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህርት ስሆን፣ በሥርዎ ካሉት ባለሙያዎች ሁለቱን ሀ ሁ ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ እንዳለበት ከወዲሁ አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያው በር፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ስለ ምራቴ ስለ ሐረግ ነው። ሐረግ፣ ሪያድ በሹፌርነት የሚሠራው የልጄ የአለኸኝ ሚስት ናት። ከወር በላይ አቀስታ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች፤ ሾላ ገደልን ዳግመኛ አልረግጥም ብላለች። እኔ ደግሞ ወደ ቤቷ ሳልመልሳት መሞት አልፈልግም። ለምን እንደሸሸች እርስዎ ምናልባት በሥራ ብዛት አልሰሙ ይሆናልና በተራ ቁጥር አቀርብልዎታለሁ።

1ኛ) ሳትጠይቁ የማወቅ ጸጋችሁን ላመሰግን እወዳለሁ። ኅዳር 5 ቀን ሐረግ ከእምብርቷ በታች በቀኝ በኩል እየወጋት፣ በእጇ ደግፋ ይዛው መጣች። ወጣቱ ባለሙያዎ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ባልሽ ዓረብ አገር አይደል? እንግዲህ እርግዝና የለም» ብሎ፣ ጠያቂም መላሽም ራሱ ሆኖ፣ በካርዷ ላይ «ባል ውጭ አገር፤ እርግዝና አይጠረጠርም» ሲል ጻፈ። የወር አበባሽ መቼ ነበር ያላት የለም፤ ሆዷን የዳሰሰ እጅም አልነበረም። በሌላ አገር ለሕክምና በሽተኛን መመርመር ያስፈልጋል ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሰፈሩን ትዳር ማወቅ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

2ኛ) ደሟ ተወሰደና እንደተለመደው ታይፎይድ ተገኘ። በጤና ጣቢያችሁ የታወቁት በሽታዎች ሦስት ናቸው፤ ታይፎይድ፣ ታይፈስና ጨጓራ። ጉልበቱ የተሰበረ ገበሬ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ ተመለሰ የሚለውን የሰፈር ሐሜት እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የተሰበረው ክንዱ ነው። ሐረግ የታዘዘላትን የአምስት ቀን መርፌ ሳታጓድል ተወጋች። ኅዳር 10 ቀን ሕመሙ ብሶባት ተመልሳ ስትመጣ ካርዷ ተገለጠ፣ ያው የመጀመሪያው ጽሑፍ ተነበበ፣ መርፌውም በሌላ መርፌ ተቀየረላት። በዚያን ቀን ጥቂት በጥቂት ደም ይታያት ነበር፤ አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች የሚቀጥለው ቁጥር ያስረዳል።

3ኛ) የምርመራ ክፍላችሁን ከተራ ጠባቂው የሚለየው አንድ አንሶላ ነው፤ ከአንሶላው ወዲህ አግዳሚው ላይ በዚያን ቀን እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ሊተርቱብን እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ይተርቱ። ነገር ግን በአሥራ አንድ ሰው ጆሮ ሥር ደም ይታየኛል የምትል ባለትዳር ሴት በዚህ ወረዳ ካለች አንዷን ያሳዩኝ።

እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል፤ ከጥፋተኞቹ አንዷ እኔ ነኝና። ልጄ አለኸኝ ከጥቅምት 1 እስከ 10 ደሴ ነበር። አሠሪው የሰጠው ፈቃድ አሥር ቀን ብቻ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ከዓረብ አገር የመጣ ሰው አጎት ቤት፣ አክስት ቤት፣ ክርስትና አባቱ ቤት፣ ጎረቤት ቤት ሳይገባና ለእያንዳንዱ ስጦታ ሳይሰጥ ቢመለስ ዘመድ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም እንደሚይዝ ያውቁታል፤ አሥር ቀን ለሰላምታው እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ሐረግ አራስ ልትጠይቅ ደሴ ሄደች ብለን አስወራን፤ እኔም ድፎዬን ይዤ ሄጄ ሁለት ቀን አብሬያቸው ሰነበትኩ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ከዚያም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ «ባል ውጭ አገር» ሲባል በጆሮዬ ሰምቼ፣ የተማረ ሰው ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ምን ይቆረጥብኝ ነበር ብድግ ብዬ ብናገር! የራሴን ጥፋት ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ የእናንተ የሚነገርበት ቦታ ስላጣሁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

4ኛ) ኅዳር 15 ቀን ሕመሙ እስከ ቀኝ ትከሻዋ ወጥቶ፣ ላብ እያጠመቃት፣ መቆም አቅቷት በቃሬዛ አመጣናት። ስለ ትከሻዋ ሲነገረው ባለሙያዎ ጀሪካን አብዝታ ተሸክማ ይሆናል አለ። ሐረግን ያተረፋት ኡምኩልሱም ናት፤ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታችን ስትሆን፣ በዚያን ቀን ልጇን ለማስከተብ ተራ ይዛ ነበር። የሐረግን ከንፈር አይታ አንሶላችሁን በአንድ ጊዜ ቦጨቀችውና «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ደም የላትም፣ እየሞተች ነው!» ብላ ጮኸች፤ ጮኻም አልቀረች፣ መንገድ ወጥታ እህል የጫነ አይሱዙ አስቁማ ከጆንያው ላይ አስተኛቻት። አንሶላውን ለማስጠገን ወጪ ካለ እኔ እሸፍናለሁ።

መካነ ሰላም ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም የትዳሯን ሁኔታ አልጠየቀም፤ የመጨረሻ የወር አበባዋን ጠየቀ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ ሽንቷን አስመረመረ። ፅንሱ ከማህፀኗ ውጭ፣ እንቁላል ወደ ማህፀን በሚያወርደው ቱቦ ውስጥ አድጎ ቱቦውን አፈንድቶት ነበር፤ ትከሻዋን ያሳመማት ጀሪካን ሳይሆን ሆዷ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነበር። ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሦስት ከረጢት ደም ተሰጣት፤ ነፍሷ ተረፈ፣ አንደኛው ቱቦዋ ግን ተቆርጦ ወጣ። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «እማማ፣ ለማንም አልተናገርኩም» የሚል ነበር። ይህን የሰማ ጆሮዬ እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደውም።

መምህር ነኝና ያንን ሐኪም ደብተር ይዤ ጠየቅኩት። ሴት ከእምብርቷ በታች ሲያማት የወር አበባ ሕመም ሊሆን ይችላል አለኝ፤ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ይሆናል፤ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ይሆናል፤ እንቁላል በሚያመርተው ክፍል ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ፣ እሱም ሲጠመዘዝ አስቸኳይ የሚሆን፤ ትርፍ አንጀት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ድርቀት፣ ውርጃም ይሆናል። ፈጥኖ የሚገድለው ግን የሐረግ ዓይነቱ ስለሆነ፣ ልጅ መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ፣ ባል ኖራት አልኖራት፣ መነኩሲትም ብትሆን፣ የእርግዝና ምርመራ ሳይደረግላት አትመለስም አለ። ምርመራው አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መመርመሪያው እናንተም ዘንድ በካርቶን ተደርድሮ እንዳለ አይቻለሁ፤ አቧራ እንዳይጠጣ ሸፍናችሁ ስለምታስቀምጡት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

5ኛ) ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሐረግ ገና ከአልጋ ሳትወርድ ወሬዋ ቀድሟት ሾላ ገደል ገባ። ከመካነ ሰላም የመጣው ወረቀት ካርዷ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጽሑፍ «ባል ውጭ አገር» ይላል፣ ሌላው «እርግዝና» ይላል፤ ካርድ ክፍላችሁ ደግሞ መደመር ያውቃል። በሳምንቱ ወፍጮ ቤት የተሰለፈው ሁሉ ሐረግ ከማን አረገዘች ይል ጀመር። ከሞት ያመለጠችውን ልጅ ለአፍ ሰጣችኋት! ባሏ እውነቱን ያውቃል፤ በየቀኑ ይደውልላታል፤ ነገር ግን ሪያድ ሆኖ የሚያለቅሰው ሰው ለቅሶ እዚህ ወፍጮ ቤት አይሰማም።

ስለዚህ ምስጢሬን ዛሬ በገዛ እጄ አፍርሼዋለሁ። ልጄ ደሴ ነበር፤ የጠፋው ፅንስ የልጄ ነበር፣ የእኔም የልጅ ልጅ ነበር። ዘመዶቼ ሆይ፣ ተቀየሙ፤ ቂማችሁን ተሰልፋችሁ ደጄ ድረስ አምጡልኝ፣ እቀበላለሁ፤ ልጅቷን ግን ተዉልኝ።

ከክቡርነትዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጪው ሰኞ፣ አግዳሚው በሞላበት ሰዓት፣ ያንን የካርድ ጽሑፍ በራስዎ እጅ ሰርዘው፣ ሳንጠይቅ ጻፍን፣ ተሳስተናል ብለው በሚሰማ ድምፅ ይናገሩ፤ ለሐሜቱ የተሰበሰበ ጆሮ እርማቱንም ይስማ። ከዚያም እኔ አቀስታ ሄጄ ልጄን ይዣት እመጣለሁ። ጊዜ የለኝም ካሉኝ ችግር የለም፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ በየቀኑ አግዳሚው ላይ እየተቀመጥኩ ለሚመጡት ሴቶች ሁሉ የሚጠየቁትን እኔው እጠይቅልዎታለሁ።

በሽተኛዎ ሳልሆን በሰላም ያረጀሁ፣ ከአክብሮት ሌላ የምሰጥዎ ያልተረፈኝ፣

መምህርት የሻለም አበጋዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ሳሉ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸጋዬ ከእምብርታቸው በታች አሟቸው ወደሚመሩት ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ባለሙያዎ ትምህርቱን አልረሳም፤ በካርዳቸው ላይ «ባል ሥልጠና ላይ፤ እርግዝና አይጠረጠርም» ብሎ ጽፎ ታይፎይድ አገኘላቸው። እሳቸው ግን መርፌውን ትተው እኔ ዘንድ መጡ፤ በማግስቱ መካነ ሰላም አብሬያቸው ሄጄ፣ ተመርምረው በሰላም ተመልሰዋል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው። ውጤቱን ግን ግድግዳ ላይ አልጽፈውም፤ እኔ ካርድ ክፍላችሁ አይደለሁም። ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ እሳቸውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።