ለ«ለምን» ማርክ ይሰጡ የነበሩት መምህር መድሃኔ ወልደሰንበት

በዚህ የሕይወት ታሪካቸው ወረቀት ሽፋን ላይ «በተወለዱ በ74 ዓመታቸው» የሚለው ስህተት ነው። እኔ ታናሽ እህታቸው ጀማነሽ ያየሁት ሽፋኑ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው። መምህር መድሃኔ ቢኖሩ «ተዪው፤ የት እንደተሳሳተ ላሳየ ሁለት ማርክ» ይሉ ስለነበር እንዳለ ተተወ።

መምህር መድሃኔ ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደሰንበት ይመርና ከወይዘሮ የሻረግ አሊ በ1953 ዓ.ም. ቂርቆስ ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ካዛንቺስ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ38 ዓመታት ሒሳብ አስተማሩ። በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደራርቱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፍሰሃንና ሊዲያን አፍርተዋል።

በ2003 ዓ.ም. ቀመር መሸምደድ ማሰብ አይደለም ብለው የዘጠነኛ ክፍል ፈተናቸውን ለወጡ። ግማሹ ማርክ ለመልሱ ሳይሆን ለምክንያቱ ሆነ። ልጄ ሄኒ እሳቸው ክፍል ነበረች። ወደቀች፣ ደገመች፣ ሕይወቷ ተበላሸ ብዬ ፈርቼ፣ ወላጆች ፈተናው እንዲቀር ባዘጋጁት አቤቱታ ላይ በገዛ ወንድሜ ፈረምኩ።

እሳቸው አልተቆጡም። ለስብሰባ የመጣነውን ወላጆች ዴስክ ላይ አስቀምጠው ከፈተናው አንድ ጥያቄ አደሉን፦ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ሃምሳ ሰው ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ለማድረስ ስንት ጊዜ ይጭናል? ለምን?

እኔ አካፍዬ 4.17 ጻፍኩ። «ጀማዬ፣ ነጥብ አሥራ ሰባቷ የት ጋ ነው የምታወርደን?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ አባት «አምስት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሜክሲኮ ይደሩ እንዴ?» አሉ። ያኔ የሄኒን ወረቀት አነበቡልን፦ «አራት። ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ብሎ ሁለቱን ትርፍ ይጭናል።» ለአምስትም ለአራትም፣ ምክንያት ስላላቸው፣ ሙሉ ማርክ ሰጡ። «ትራፊክ ከያዘውስ?» ብላ አንዲት እናት ተነሣች፤ ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። አቤቱታው ዴስክ ላይ ተረስቶ ቀረ። ሄኒ አለፈች፤ ፈተናውም ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2013 ዓ.ም. ዘለቀ።

ከዚያ ወዲህ አብረን በምንኖርበት ግቢ በረንዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች በነጻ ያስጠኑ ነበር። የግቢውን በር ማታም ሳይቆልፉ ስለሚተዉ፣ ሌባ ይገባል ብዬ «ጋሼ፣ በሩ ይቆለፍ» ስላቸው «ምክንያትሽን ጻፊ» ይሉኝ ነበር። ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አራት ከአሥር አገኘሁ።

በልብ ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔንና በርካታ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። የሁሉን ምክንያት የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ቅዳሜ ማታ ተማሪዎቻቸውን ሸኝተው ወደ መስኮቴ መጡ። «ጀማዬ፣ በሩን ቆልፌዋለሁ» አሉኝ።

«ዛሬ ምን ተገኘ ጋሼ?»

«ምክንያት፦ አንቺ እንድትተኚ።»

አሥር ከአሥር ሰጠኋቸው።