ጉድጓዱ ነጻ፣ ቸርኬዬ ጥፋተኛ ስለተባለበት ጉዳይ

ለክቡር የመንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎም አንገትዎም ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ከሰፈራችን ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ብቅ ብለው አያውቁምና። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ስሆን፣ የምጽፍልዎ ስለ ባለቤቴ ነው። ኩላሊቶቿ ሥራ ስላቆሙ ደሟ በሳምንት ሦስት ጊዜ በማሽን ይታጠባል፤ ተራዋ ካመለጣት መተንፈስ ያቅታታል። ወደዚያ የሚያደርሰን መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ተንከባክቦ ያሳደገው ጉድጓድ አለ።

በትሕትና አቤት የምልባቸው ነገሮች እነሆ።

፩ኛ. የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ ጊዜ አምፖል በመቀየሩ ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» የሚለው ሰው፣ የመኪናዬን የፋብሪካ ቸርኬዎች አስወልቆ ቀለል ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች አስገጠመልኝ። «ጋሼ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ፍሬኑም ቶሎ ይይዝልዎታል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መኪናው ቀለለኝ፤ ባለቤቴም መንገጫገጩ ስለቀነሰላት መረቀችው። ደስታችን የቆየው ግን ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶ እስኪሸፍነው ድረስ ነበር። አንዱ ቸርኬ እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ፤ እሷም ያን ቀን በሰው መኪና፣ በልመና ደረሰች።

፪ኛ. ላቀረብኩት አቤቱታ ጽሕፈት ቤትዎ «ጉዳቱ የደረሰው ተሽከርካሪው የፋብሪካ ያልሆነ ቸርኬ በመጠቀሙ ስለሆነ አይመለከተንም» ሲል መልስ ሰጥቶኛል። ጉድጓዱን ሳያይ ነጻ ላወጣው ለዚህ ጥልቅ ምርመራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ምክርዎን ተቀብዬ ከባዶቹን መልሼ አስገጠምኩ። እነሱ በእርግጥ አይሰነጠቁም፤ ይጣመማሉ እንጂ። ጎሚስታው በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሲያቃናልኝ፣ «አባባ፣ ብረቱንስ እኔ አቃናዋለሁ፤ የእርስዎን ወገብ ማን ያቃናዋል?» ይለኛል። ለወገቤስ ግድ የለኝም። መኪናው ጓ ባለ ቁጥር ባለቤቴ መርፌ የሚገባበትን ክንዷን በሌላ እጇ አቅፋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያንን ማየት ነው ያቃተኝ።

፫ኛ. ጎረቤቶቻችን ሰው እንዲጠነቀቅ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢተክሉ፣ ሠራተኞችዎ «መንገድ ይዘጋል» ብለው ነቅለው ወሰዱትና በምትኩ ዙሪያውን ነጭ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ሲደበዝዝም ሳይሰለቹ ተመልሰው አደሱት። ጉድጓዱ ራሱ ባይደፈንም ቀለሙ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናብ ጥሎ ቀለሙም ጉድጓዱም ውሃ ውስጥ በጠፉበት ሰዓት፣ የመኪናው የፊት እግር ተሰበረ። ባለቤቴን ጎረቤቶች ተሸክመው አደረሷት፤ ተራዋ አልፎ ኖሮ አንዲት ነርስ ለምና አስገባችልን። ቤት ስንመለስ «በሽታውንስ ለምጄዋለሁ፤ መንገዱን ግን አልቻልኩትም። ከእንግዲህ ይቅርብኝ፣ እዚሁ ልተኛ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ፈርቻለሁ። ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። የምለምንዎ አንድ መኪና ጠጠር ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ስለሚባል፣ የቀረውን ምስጋናዬን ጠጠሩ እስኪመጣ በአደራ አስቀምጬዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከተጣመመ ቸርኬ ጋር፣
የጉድጓድዎ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ መኪናው ስለቆመ፣ ባለቤቴ እሺ ካለችኝ ነገ ጠዋት አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ይወስዷታል። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ጽሕፈት ቤትዎ ምክንያት ፍለጋ እንዳይደክም፣ የተሸካሚዎቹ ጫማ የፋብሪካ መሆኑን ከወዲሁ አረጋግጫለሁ።