የበር መዝጊያው ዘፈን

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 1፡50
ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል ነው። መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ዘፈኑን እጠብቃለሁ። የለም። ከሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ የሚጮኸው ሌላ ነው፣ ድም ድም የሚል። አዲሱ ር/መምህር አስቀይሮታል። የጠየቁት ተማሪዎቹ ናቸው አሉ፤ ያ የፈረንጅ ዘፈን እናቶቻችን ተማሪ ሳሉ የነበረ ነው ብለው። እውነታቸውን ነው። የዱሮ ነው፤ ኪቦርዱ ቲን ቲን የሚል፣ ዘፋኙ አልቅስ አልቅስ እያለው የሚዘፍነው።

ግን ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። በካሴት ያመጣው ጌታቸው ነው። ባሌ። ለማስተማር እዚህ መካነ ሰላም ሲመደብ ከልብሱ በፊት የጠቀለለው እሱን ነው። ሚኒ ሚዲያውን አቋቁሞ ደወል አደረገው፦ ዘፈኑ ሲያልቅ የት/ቤቱ በር ይዘጋል። ጌታቸው ካረፈ ስንት ክረምት አለፈ። ዘፈኑ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣልኝ ነበር። ዛሬ ዳግመኛ ቀበርኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
የክፍሌ ግማሹ ባዶ። አርፋጅ በር ላይ ተኮልኩሏል። ዘፈኑን ሰዓት ያደረገው ተማሪ ብቻ መሰለሽ? ዳቦ ቤቱም አርፍዶ ከፈተ። የአቀስታው ሚኒባስ ረዳት ዘፈኑ ሳያልቅ አንነሳም ብሎ ሲጠብቅ ከተሳፋሪ ጋር ተጣላ። ሰዓት በእጁ አስሮ! ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

ር/መምህሩ ጋ ገብቼ ልለምነው ብዬ ከበሩ ተመለስኩ። የባሏ ሐዘን አልወጣላትም እንዲለኝ አልፈልግም። ክፉ ሰው አይደለም። ማን እንዳመጣው ማን ነግሮት?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4። ከምሽቱ 1 ሰዓት
ብርቄ ደወለች፣ እህቴ፣ ከደሴ። እንደ ልማዷ፦ እዚያ ብርድ ላይ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ዝውውር ጠይቂና ነይ። ሁልጊዜ እምቢ ነበር መልሴ። ዛሬ አስብበታለሁ አልኳት። ምን ያስቀረኛል? ዘፈኑም ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ጉድ ነው! ለዘፈን ሽማግሌ ይላካል?

ሐጂ ሙሔ፣ ከት/ቤቱ ፊት ለፊት ያሉት ባለሱቅ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ሁለት ወላጆች አስከትለው ር/መምህሩ ቢሮ ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። ልክ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው! ር/መምህሩ ደንግጦ እኔን አስጠራኝ፤ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆንኩ ግጥሙ ምን እንደሚል ላስረዳ። ተራ የፍቅር ነው አልኩ። ሐጂ ሳቁ። ግጥሙን ማን ሰማው፣ ሲጀምር እግራችን ይፈጥናል፣ ልባችን ይከፈታል፣ ይበቃናል አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዘፈኑ ሲጀምር ሱቃቸው በር ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለጌታቸው ዱዓ ያደርጋል። «ያ ረቢ፣ ጠዋታችንን ያሳመረልንን ሰው ማርልን» ይላሉ። ካረፈ ጀምሮ፣ በየጠዋቱ። አታውቂም እንዴ ልጄ? አሉኝ።

አላውቅም ነበር! እኔ እኮ ብቻዬን የማስታውሰው መስሎኝ ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሐጂ አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። ር/መምህሩ ራሱ ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው። ዘፈኑ ሰኞ ይመለሳል አለ። የልጆቹ ዘፈን ደግሞ ለዕረፍት ሰዓት ይሁን ተባባሉ። ይሁን፣ እሱም ሸጋ ነው።

ሽማግሌዎቹ አሁን ተቀመጡ። ተመስገን! ይኼ ሁሉ ሰው ሐዘኔን ሲያግዘኝ ኖሯል፣ እኔ ግን እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት አንድ እንኳ የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 8
ብርቄ ጋ ደወልኩ። አልመጣም አልኳት። አበድሽ እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። ነገሩን ስነግራት ለገና እኔው እመጣለሁ አለች። ትምጣ።

ነገ ማረፊያ ክፍል አልቀመጥም። ሐጂ ሱቅ በር ላይ ከሰዎቹ ጋር እቆማለሁ፣ ዱዓ ሲያደርጉ አሜን እላለሁ።