የአሥራ አራት ቁጥር ማሽን

ጥር 6

ዛሬም ሦስት መርፌ ሰበርኩ። የክሊኒኩ ጋዋን ጨርቅ ወፍራም ነው። ይቺ የቤት ማሽኔ ኪሱ ጋ ስትደርስ ታቃስታለች። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል፣ "ቀስ በያት፣ እሷም እንደኔ አርጅታለች" ትላለች። ቀስ ስል ወሩ ሊያልቅ ነው... አርባውን ጋዋን በወሩ መጨረሻ ካላስረከብኩ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ከተዘጋ ወዲህ ያገኘሁት ደህና ሥራ ይሄ ብቻ ነው።

ቆርጫለሁ። ያገለገለም ቢሆን የፋብሪካ ማሽን እገዛለሁ።

ጥር 8

ወንድሜ አብሬሽ ካልሄድኩ አለ። "ሴት ብቻዋን ስትሄድ ዋጋ ይሰቅሉባታል።" እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምተክልለት እኔ ነኝ።

ሻጩ ማሽኖቹን አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ደርድሯቸዋል። በየሁለት ቃሉ "በኔ ዋስትና" ስለሚል አባ ዋስትና ብዬዋለሁ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ለወንድሜ ይመልሳል። "ሞተሩ ስንት ዓመት ሠርቷል?" አልኩት። "ጌታዬ፣ ይሄ እኮ አዲስ በለው" አለ። ለወንድሜ። ወንድሜ ደግሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ጭራሽ ጎማ የሚፈትሽ ይመስል የጠረጴዛውን እግር በጫማው መታ መታ አደረገው።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥር 9

ብቻዬን ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥግ ላይ አዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ማሽን አለች። "ይቺ ከውጭ የመጣች ናት" አለ አባ ዋስትና። "አንዲት ሀብታም ሴትዮ ጊዜ ማሳለፊያ ብላ ገዝታት... አልተሠራባትም ማለት ይቻላል።" የማሽኗን አናት ወደ ኋላ ገለበጥኩት። የዘይት መያዣው ተወልውሎ ያበራል። ጠረጴዛውን ከሥሩ ግን ማን ያየዋል? አጎንብሼ ገባሁ። በቀይ ቀለም፣ 14።

የኛ ፋብሪካ ቁጥር ነው። እኔ 13 ላይ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ።

አልተሠራባትም? ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራባት በግራ ጆሮዬ ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ፋብሪካውን ሲዘጋ፣ "ማሽኖቹ የወዳደቀ ብረት ሆነዋል፣ ምን ሸጬ ልክፈላችሁ?" ብሎ ነው ባዶ እጃችንን የሸኘን። የወዳደቀው ብረት ቀለም ተቀብቶ ይኸው።

ልክ ልኩን ነገርኩት። "ሀብታሟ ሴትዮ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ስሟን ልንገርህ?" ፊቱ ተለዋወጠ። ዋጋውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሳይወድ በግዱ ዋጠው።

ከመክፈሌ በፊት ሁለት ጨርቅ ደርቤ ሞከርኳት። ከላይም ከታችም ቀጥ ያለ ስፌት። 14 ላይ የነበረችው ጭምቷ ናት። ስለማትናገር ነው እንዲህ ያልናት። ስፌት እየዘለለባት ሥራዋ ሲመለስ፣ ሲመለስ፣ በመጨረሻ ተባረረች። ችግሩ የእጇ ነበር እንጂ ማሽኑማ ምንም አልነበረውም። ይሄን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሳላመነታ ገዛሁ።

ጥር 10

ማሽኗ ገባች። በሩ አልበቃ ብሎ ጠረጴዛውን ፈታነው። ወንድሜ ተሸክሞ እያላበው፣ "ባልኩሽ ዋጋ ነው አይደል የገዛሽው?" ይላል። ምን ብሎኝ ነበር?

ጥር 11

ሃያ ደቂቃ ያህል ስፌቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ መዝለል ጀመረች። ሁለት ትሰፋለች፣ አንድ ትዘላለች። መርፌ ቀየርኩ። ክር ቀየርኩ። አጠበቅኩ፣ አላላሁ... ምሳ በልቼ ስመለስ ጤነኛ። ሃያ ደቂቃ ቆይታ እንደገና።

አባ ዋስትና ጋ ደወልኩ። ስልኩን አያነሳም። የሰደብኩትን ስድብ እናቴ እንዳትሰማ በሩን ዘጋሁት።

ጥር 13

መካኒኩ መጣ። ማጉረምረም የሚወድ ሽማግሌ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ማሽኗን አስሮጣት፣ ከዚያ ከሥር ጣቱን አስገብቶ ነካካ። "ነይ እይው። ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ያለበት ዘንግ፣ ማረፊያው ተበልቷል። ሲቀዘቅዝ ልክ ነው። ሲሞቅ ይላላል፣ መንጠቆው መርፌውን ይስተዋል።"

"ሻጩ ነው ያበላሸው?"

"የለም ልጄ፣ ይሄማ የዓመታት ነው። እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው አሳሩን ነው የበላው።"

አዲስ ማረፊያ አስገባላት። የተበላውን ብረት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀለበት የምታህል ነገር ናት።

ጥር 14

ማሽኗ ደህና ናት። እኔ ነኝ መሥራት ያቃተኝ።

ጭምቷ በየሃያ ደቂቃው ትቆም ነበር። እርጥብ ጨርቅ ማሽኑ ላይ ታደርጋለች፣ ክር የምትፈልግ መስላ ትነሳለች። ሰነፍ አልናት። አንድ ቀን፣ "ሲሞቅ ነው የሚዘለው" አለች። ሱፐርቫይዘሯ በማግሥቱ ጠዋት፣ ገና በቀዝቃዛው ሞከረችውና "ምንም የለው" አለች። አለቀ።

የመጨረሻ ቀን የተመለሰባትን ኮሌታ አንስቶ በመስመራችን ለተቀመጡት ሁሉ ያሳየው ማነው? እኔ። "ማሽኑ ነው ወይስ እጁ?" ብዬ። ሁሉም ሳቀ። በማግሥቱ አባረሯት። በሦስተኛው ወር ፋብሪካውም ተዘጋ፤ 14 ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም።

ማንም አላዘዘኝም። አባ ዋስትና እንኳ የዋሸው ሊሸጥ ነው። እኔስ? ለሳቅ። ሰው ለሳቅ ብሎ የሰው እንጀራ ይነካል? እኔ ነካሁ። ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ።

ጥር 16

አጠያይቄ አገኘኋት። የቢሮ ሕንፃ ደረጃ ታጸዳለች። ባልዲዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። ብረቷንም አሳየኋት። ይቅርታ አልኳት።

"ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቀው ነበር።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ያኔ የተናገርሽው ሰው ፊት ነው። ለነሱ ንገሪያቸው።"

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ተናደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ታዝዤ ልመለስ? በመንገድ ሁሉ ስነጫነጭ መጣሁ። ቤት ስደርስ ትክክል እንደሆነች ገባኝ፣ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ጥር 20

በመስመራችን ላይ የነበሩት ዘጠኝ ናቸው። ለስምንቱ ደውዬ ጥፋቱ የማሽኑ እንደነበር ነገርኳቸው። ሁለቱ ጭምቷ ማን እንደነበረች እንኳ ረስተዋል። አንዷ ሳቀች። አንዷ ግን፣ "እኔም እኮ ስቄ ነበር" አለችኝ።

ሱፐርቫይዘሯ ጋ ግን ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

"አለፈ እኮ" አለችኝ።

"ለማን ነው ያለፈው?"

ብረቷን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አልነካቻትም። "እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት" አለች። እሷስ ታዝዛ ነው፣ እኔን ማን አዘዘኝ? ብረቷን አንስቼ ወጣሁ።

ጥር 30

አርባውንም አስረከብኩ። የክሊኒኩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ እያገላበጠ አይቶ ሌላ ሠላሳ አዘዘኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የካቲት 3

ጭምቷ መጣች። ሳይጠሯት፣ በራሷ። ከስምንቱ አራቱ ደውለውላታል።

እናቴ ወንበር ሳበችላት። አልተቀመጠችም። መጀመሪያ አጎንብሳ ከጠረጴዛው ሥር ቁጥሩን አየች። ከዚያ ፔዳሉን በእግሯ ፈልጋ ተቀመጠች። የተረፈ የጋዋን ጨርቅ ሰጠኋት። አንድ መስመር ሰፋች፣ አጠገቡ ሌላ፣ አጠገቡ ሌላ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ሊነሳ ሲል አየሁት። መልሳ ረገጠችው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰፋች። አንዲትም አልዘለለችም።

"ነይ አብረን እንሥራ" አልኳት። "ሠላሳው ለሁለታችን ይበቃል።"

"አስብበታለሁ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋት። ክሩን በጥሳ ጨርቁን አራት ቦታ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ልትወስጂው ነው?"

"ለባሌ ላሳየው" አለች። "እሱም እጇ ነው ብሎ ነው የኖረው።"

እስከ በሩ ልሸኛት ተነሳሁ።