የሁለተኛውና የሦስተኛው ካንዴላ ገመድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

መኪናችን ዛሬም አልተነሳችም። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ሁለቴ ያስላል፣ ከዚያ ዝም። ስድስተኛ ቀናችን። ባለቤቴ ጌታሁን የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታውን ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ አዲስ ቺንጊያ አስሮ ራሱ ገጥሟታል። እኔ እንደ ልማዴ መብራት ያዥ። እዚህ ዲቤንዶርፍ፣ ከምንኖርበት ሕንጻ ሥር ያለው ጋራዥ ፍሪጅ ነው። ጣቶቼ እስክሪብቶ አልይዝ ብለዋል።

እሑድ ጄኔቫ የልጃችን የሰላም ልጅ ክርስትና ይነሳል፣ ጾሙ ሳይገባ። ባቡር አለ አልኩት። ጌ. ተቆጣ። የልጅ ልጁ ክርስትና ላይ እንደ ሩቅ እንግዳ በባቡር አይደርስም። በገዛ እጁ በጠገናት መኪና ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ጥዋት

ማስታወሻዬ፣ ለሰላም ያልነገርኳትን ላንቺ ልጻፍ። ባለፈው ወር ወደ ዲቲኮን ስንሄድ ጌ. የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አላቆመም። ጋሪ የምትገፋ ሴት ወደ ኋላ ዘለለች። ጋሪው ውስጥ ሕፃን ነበር። እሱ አላያትም። ትንሽ ሄዶ፣ ይህ መንገድ ወዴት ነው የሚወስደው አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰበትን መንገድ።

ከዚያ ወዲያ ያየው ዶ/ር ምርመራው እስኪያልቅ አይንዳ ብሏል። ጌ. ሳቀበት። በዚያው ሰሞን መኪናዋ ፈላችና ቆመች። እኔም ተመስገን አልኩ።

አሁን ግን እንድትነሳ እፈልጋለሁ። ሞኝነቴ። እሷ ከተነሳች እሱም የዳነ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መጀመሪያ ባትሪውን ወቀሰ። ቀጥሎ ቤንዚኑን። ቀጥሎ እኔን፦ «አንቺ ሴት፣ መብራቱን የያዝሽው ለሞተሩ ነው ለጣራው?» ሳቅን። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ በእጁ ይዞ አሥራ ሦስት ቁጥር ሲፈልግ አየሁት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሞተር የተማርኩት መብራት በመያዝ። ድሮ ከወረቀት መጣያ ያነሳሁት የጥገና መጽሐፍ አለኝ፣ ግማሹ የተቀደደ፣ ጀርመንኛ። ምሳ ሳበስል ገለጥኩት። ለሞተሩ እሳት የሚሰጡት የካንዴላ ገመዶች ሥዕል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወጡ አረረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ 8 ሰዓት

ጌ. ጋደም ብሏል። ብቻዬን ወረድኩ። ሥዕሉን ከሞተሩ ጋር አስተያየሁት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ገመድ ተቀያይረዋል። ሌላ ምንም የለም።

ገመድ ሲነቅል ምልክት አያደርግም። ነውር ነው ለእሱ። አዲስ አበባ ጋራዡ ውስጥ ገመድ ላይ ፕላስተር የሚለጥፉ ሠራተኞችን፣ ስማችሁንም ግንባራችሁ ላይ ለጥፉት ይላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት አልተሳሳተም።

አስተካከልኳቸው። የጋራዡን በር ከፈትኩ። ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች። ድምፅዋ ለስላሳ። ሥራው ሁሉ ልክ ነው፣ ከሁለት ገመድ በቀር። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ሳላጠፋት ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጋሪ የምትገፋዋ ሴት ትዝ አለችኝ።

አጠፋሁ። ገመዶቹን ወደ ስሕተታቸው መለስኳቸው።

ዓርብ፣ ማታ

ወዲያው ነው የወረደው። ኮፈኖውን ከፈተ። ከምንም በፊት እጁን ቴስታው ላይ አሳረፈ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ይህን እንዴት ረሳሁት! ሞተሩ ሞቃት ነው። እጁን አላነሳም። እኔ የወለሉን ሲሚንቶ አየሁ።

«ድምፅዋ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው። አትንቀጠቀጥም።»

«ምን ሆና ነበር?»

ነገርኩት። ገመዶቹን በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። እንደገና ቆጠራቸው። ለምን መልሰሽ አበላሸሽው አላለኝም። «አስኑ፣ ካቻቪቴ አቀብዪኝ» አለ ብቻ። የፊት ታርጋዋን ሊፈታ ተንበረከከ። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለው። እሱን እኔ ጨረስኩት።

ታርጋዎቹ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ሰኞ ለትራፊክ መሥሪያ ቤቱ እንመልሳለን፤ ታርጋ የሌላት መኪና መንገድ አትወጣም። ጌ. እራት አልቀመሰም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ባቡር ውስጥ

ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ሎዛንን አልፈናል። ሐይቁ አመድ መስሏል። አሁን ጠየቀኝ፣ መኪናዋን የት አቆምናት ብሎ። ቤት ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ።

ሰላም ጣቢያ ትጠብቀናለች። ፕላንፓሌ ሰፈር ካለው ቤቷ ሳንደርስ፣ ትራም ስንጠብቅ ሁሉንም እነግራታለሁ። ታርጋውን ራሱ እንደፈታ ግን አስቀድሜ።