ያልበቀለው ሣርና የአባባ እጅ

ሥላሴን አስቀድሜ፣ ዛሬ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኔ የመሐል ሜዳዋ ተማሪ ምሥራቅ ኪዳነ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ልቤ ቢታመምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ነገ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስለምሄድ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አጽፌአለሁ። አራቱም ምስክሮች ነቅተዋል፤ ቄስ ገብረየሱስ ዓይናቸውን የጨፈኑት ለጸሎት ነው ብለዋል።

አንደኛ፤ ሁለቱ በጎቼ ለእናቴ ለወይዘሮ አማከለች ይሁኑ። በሕመሜ ጊዜ እፊቴ አልቅሳ አታውቅም፤ በረት ገብታ እንደምታለቅስ ግን በጎቹም እኔም እናውቃለን።

ሁለተኛ፤ የጆሮ ማዳመጫዬን ለጎረቤታችን ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ልተውላቸው ነበር፤ ከመናገር ወደ መስማት ይመለሱ ነበር። ምስክር አይወርስም ስለተባልኩ ለወንድሜ ለማሙሽ ይሁን። አቶ ዓምደ ሚካኤል «ይሄ ኑዛዜ ነው ስድብ?» ብለዋል፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ሦስተኛውን ከመናገሬ በፊት ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጥቻለሁ። አምና ሰኔ አያቴ አባባ ወዳጆ ፋላሪስ የሚባለውን፣ አንዴ ከበቀለ ለዓመታት የሚታጨደውን የመኖ ሣር ዘር ይዘው መጡ። አብሮ የተሰጣቸውን ወረቀት «አንብቢልኝ» አሉኝ። በዚያው ሰሞን በሰንበቴ «የዛሬ ልጅ ወረቀት እንጂ አፈር አያውቅም» ብለው ሽማግሌውን ሁሉ አስቀውብኝ ስለነበር ቂም ይዤ ነበር። ወረቀቱ የሚለው «ዘሩ ደቃቅ ነውና በለሰለሰ አፈር ላይ ተበትኖ በቅጠል ብቻ ይዳበስ፤ ከጠለቀ አይወጣም» ነው። እኔ «እንደ ገብስ ተዘርቶ በማረሻ ይገልበጥ» ብዬ አነበብኩ። በሬ ሲጠምዱ እውነቱን ነግሬ ልስቅባቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አርሰው ጨርሰዋል፤ «ለካ ወረቀትም አፈር ያውቃል፤ ተባረኪ» አሉኝ። ከተመረቅሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

ሣሩ አልወጣም፤ አረም ብቻ ሆነ። አባባ እጃቸው የተባረከ ነው ተብሎ የጎረቤቱን ሁሉ የመጀመሪያ ዘር የሚበትኑ ሰው ነበሩ። አቶ ዓምደ ሚካኤል «የወዳጆ እጅ ደረቀ» አሉ፤ ሰው አመነ፤ የከፋው ደግሞ፣ አባባም አመኑ። በየካቲት የራሳችንን ገብስ እንኳ ሌላ ሰው ዘራልን። እኔም ይህን ሁሉ እያየሁ ከሳቸው ጋር ከአንድ መሶብ በልቻለሁ፣ ቀልጃለሁ፣ ዝም ብያለሁ። አፍሬአለሁ።

እጃቸው አልደረቀም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩትን፣ ያ ሣር የተዘራበትን መሬትና የተረፈውን ግማሽ ከረጢት ዘር ለአባባ አውርሻለሁ። በቅጠል ዳብሰው ይዝሩት፤ በመጀመሪያው ዓመት በግ አይግባበት፣ ሥሩ ሳይይዝ ይነቅለዋል። ይቅርታ ግን በኑዛዜ እንደማይታዘዝ አውቃለሁ።

ይህ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት አባባ ተነሡ። ከዚያ «የልጅ ውርስ አልቀበልም። ተመልሳ ሣሩን ራሷ ትዝራው። የታመመ ሰው አልቆጣም፤ ስትድን እቆጣታለሁ» አሉ። ወደ እናቴም ዞረው «የሰኔውን ዘር ለማንም እንዳትሰጪ፤ እኔ ነኝ የምዘራው» አሉ። ቃላቸው ይግባ ብያለሁ፤ ገብቷል።

ተናዛዥ፦ ምሥራቅ ኪዳነ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ መምህር ቴዎፍሎስ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ቄስ ገብረየሱስ (ፊርማ)፣ እማሆይ አስካለ ማርያም (የጣት አሻራ)፣ ወይዘሮ ዘነበች (የጣት አሻራ)፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል (ፊርማ፤ ከሥሩም በገዛ እጃቸው «ወዳጆ፣ የእኔንም ማሳ መጀመሪያውን አንተ በትንልኝ» የሚል ጽፈዋል)።